በድንኳኑ ስር የሚያልፈው ውሃ

በሰፈራችን የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ከአስፋልቱ ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ እኩሌታው ላይ ሰፋ ይልና ጠባብ ሜዳ ይሆናል። ስሙ ድንኳን ሜዳ ነው። ልጆች ኳስ ሲጫወቱበትም፣ ለዓመት በዓል በግ ሲሸጥበትም፣ ሚኒባስ ሲታጠብበትም ስሙ አይለወጥም ነበር። እኔ በትዳር ወደዚህ ሰፈር ስመጣ ግን ሜዳ የሚባል ነገር አልነበረም። በቦታው የነበረው ቦይ ነው።

ቦዩን ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ነው የሚል አለ፤ ፋብሪካዎቹ ሲተከሉ ነው የሚልም አለ። ጥልቀቱ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ግራና ቀኙ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ነው። ያኔ ከላይ ከነበረው ማሳ የሚመጣውን ጎርፍ ተቀብሎ፣ በየደጃፋችን አልፎ፣ ወንዙ ውስጥ ይጨምረዋል። ክረምት ሲሆን ድምፁ እቤት ድረስ ይገባል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ዝናቡን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ነበር። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ቦዩ ካጉረመረመ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ላይ ጥሏል» ይለኛል። ልብስ ከገመድ ላይ የማነሳው በእሱ ቃል ነበር።

አፈራችን መረሬ ነው፣ ጥቁር። በበጋ ይሰነጠቅና ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ይሆናል። በክረምት ያብጥና ቤቱን ከነግድግዳው ያንቀሳቅሰዋል። የእኔ በር ከሐምሌ እስከ መስከረም አይገጥምም፤ ጥቅምት ላይ ማንም ሳይነካው ራሱ ይገጥማል። በሐምሌ በር ለማስላግ አናጢ የሚጠራ ሰው ካያችሁ አዲስ ገቢ ነው። ነባሩ በሩን በገመድ አስሮ ጥቅምትን ይጠብቃል። ይህን ያህል ዘመን ኖሬበት፣ መሬት እንዲህ እንደሚተነፍስ ሳይ እስካሁን ይደንቀኛል።

ከሜዳው በላይ በኩል፣ ቦዩን ተደግፎ የቆመው የጭቃ ቤት የጎረቤቴ ነው። ሰፈሩ አዴ ይላታል፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የምትከበርበት መጠሪያ ነው። እኔ እኩያዋ ስለሆንኩ አንቺ እላታለሁ። አባቷ እዚሁ ቦታ ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። ማሳው በየጊዜው እየተቆረሰ ፋብሪካ፣ መጋዘንና መንገድ ሲሆን፣ ከአባቷ የቀረላት እሳቸው በእጃቸው ያቆሙት ያ ቤት ብቻ ነው። ልጆቿ ገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። እየመጡ «እኛ ጋ ግቢ» ሲሏት፣ «አራተኛ ፎቅ ላይ የማንን መሬት ልረግጥ?» ትላቸዋለች። ይስቁና፣ ሰንብተው ደግመው ይጠይቋታል።

ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከቃሊቲ መጋዘኖች እየጫነ አገር ያዳርሳል። ድምፁ ትልቅ፣ ለሰው የሚሆን ሰው ነበር። ድንኳን ሜዳውን የሰጠን እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀድሞ ድንኳን የሚተከለው የቦዩን ጠርዝ ይዞ ነው። አንድ ክረምት በአንዲት አሮጊት ለቅሶ ላይ፣ ለቀስተኞች የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር እግሩ አፈሩን ናደና ከነሰዎቹ ቦዩ ውስጥ ገባ። የተጎዳ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው በለቅሶ ላይ ሳቀ። በሟቿ ላይ የተሳቀ ያህል ሆነብን። እድሩ ተሰበሰበና ቦዩ እዚያ ቦታ ላይ ተሞልቶ ሜዳ እንዲሆን ተወሰነ። ውሃው የሚያልፍበት የሲሚንቶ ቱቦ ከስር ተቀበረ። የጎረቤቴ ባል ከሥራ ሲመለስ በመኪናው ገረጋንቲ አፈር እያመጣ ገለበጠ፣ ወጣቶቹ ደለደሉት፣ እኛ ሴቶች ምሳ ሠራን። የተቃወመ አልነበረም። ለሌላ ነገር ቢሆን አንዱ አፉን ይከፍት ነበር። ለሙታን የሚደረገውን ግን ማን ይቃወማል?

ቱቦው ለዚያን ጊዜው ውሃ በቃ። በኋላ ግን ላይኛው ማሳ በሙሉ ጣሪያና አስፋልት ሆነ። ድሮ የሚደርሰን መሬቱ ጠጥቶ የተረፈው ነበር፤ አሁን ከሰማይ የወረደው ሁሉ ሳይጎድል ይመጣል። ፌስታሉን፣ የውሃ ፕላስቲኩን፣ አሸዋውን ይዞ ይመጣል። በየሰኔው ሰፈሩ ይወጣና ከቦዩ ደለል ይዝቃል፤ የዛቀውን እዚያው ጠርዙ ላይ ይከምረዋል፤ የሐምሌ ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። በየደጃፉ ያለውንም ቦይ ሰው ለመሻገሪያ፣ ለሱቅ፣ ለመኪና ማቆሚያ እያለ በሲሚንቶ ከደነው። የተከደነ ነገር ይረሳል። ድምፁም ጠፋ። መጥፋቱን ያስተዋልኩት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልብሴ ገመድ ላይ እንዳለ ሲበሰብስ።

የጎረቤቴ ባል በነሐሴ ሞተ። ታሞ ሰንብቶ ስለነበር ያልጠበቀ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ጥሩምባው ማለዳ ሲነፋ ሁላችንም ደነገጥን። በቀብሩ ዕለት ሰማዩ ታገሰን። ድንኳኑ ሜዳው ላይ ተተከለ። የእድራችን ዳኛ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አያወልቁም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተነስተው፣ «ይህን የተቀመጥንበትን ሜዳ የሰጠን እሱ ነው። ዛሬ እሱን አለቀስንበት» አሉ። ከዚያ በላይ አልጨመሩም፤ ሰውም ከዚያ በላይ አልፈለገም።

በማግስቱ ምሳ ተበልቶ ሲነሳ ዝናቡ ጀመረ። እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፤ ወለል ላይ በተነጠፈው ፍራሽ፣ ከሃዘንተኛዋ ጎን። ድንኳኑ በመስኮት ይታያል፤ እዚያ የሚባለውም ይሰማል። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ዝናቡ የሸራውን ጣሪያ ሲመታ ድምፃቸው ጠፋ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ።

«እግርህን አንሳ እንጂ፣ ጫማህ ሊሄድ ነው» አለ አንዱ።

«ይሂድ። ወንዙ ጋ እንገናኛለን።»

«ሟች በደረቅ ተኝቶ እኛ ልንዋኝ?»

«ጋሽ ዳኛ፣ እድሩ ዘንድሮ ድስት ከሚጨምር ጀልባ ይግዛልን።»

«ጀልባውንም እንደ ጭልፋው ልታጠፉት?» አሉ ዳኛው።

ሴቶቹ ሃዘን ላይ መሆናቸውን ረስተው ፈገግ አሉ፤ ጎረቤቴም ሳትቀር። ያ ጭልፋ የእድሩ ትልቁ ጭልፋ ነበር። ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁንም ድረስ በጭልፋው ምክንያት የማይነጋገሩ ሁለት ሴቶች አሉን።

ወጣቶቹ ወጥተው ከረጢት አፈር እየሞሉ በድንኳኑ ዙሪያ ደረደሩ። ብልሃት መሰለን። ውሃው ድንኳኑ ውስጥ መግባቱን አቆመ፣ ካርታው ቀጠለ። የት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ያወቅሁት በእጄ ነው። ፍራሹን ተደግፌ ልነሳ ስል መዳፌ ረጠበ። ወደ በሩ አየሁ፤ መድረኩ ደረቅ ነው። ውሃው በበር አልገባም። ከወለሉ ነበር የሚወጣው። አፈሩ መጀመሪያ ወዛ፣ ቀጥሎ አንጸባረቀ፣ ከዚያ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ከፍ አለ። በዕድሜዬ ጎርፍ አይቻለሁ፤ ጎርፍ ግን ይጮኻል፣ መምጣቱን ይናገራል። ይሄ ዝም ብሎ ከስራችን ተነሳ። ቤቱ ሳይሆን እኛ ቀስ ብለን የምንሰምጥ መሰለኝ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። ጎረቤቴ አልተነሳችም። ሃዘንተኛ ከፍራሿ አትነሳም።

ይሄኔ በቦዩ በኩል ያለው ግድግዳ ልስኑ ተላቀቀና ወለሉ ላይ ወደቀ። ከስሩ ጭዱ ታየ። አባቷ ከጭቃው ጋር ረግጠው ያዋሃዱት፣ የራሳቸው ማሳ የጤፍ ጭድ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ውስጥ ኖሮ፣ ትናንት ከአውድማ የተነሳ ይመስል ቢጫ ነበር። ማሳው የለም፣ ገበሬው የሉም፣ ጭዱ ግን እንዳለ አለ። ሁላችንም አየነው። እሷም አየችው። ከጭዱ በታች ያለው ጭቃ መልፈስፈስ ጀምሯል፤ የግድግዳው እንጨት ስር ውሃ ቆሟል።

«ኮቱ» አለችኝ፤ ነይ ማለቷ ነው። እጇን ዘረጋችልኝ። አነሳኋት።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ደጅ ስንወጣ፣ ከከረጢቶቹ ወዲህ ያለው ቦይ ሞልቶ ከመንገዱ ጋር እኩል ሆኗል፤ ከመንገዱም አልፎ ግድግዳዋን ይዟል። ሰማዩ በሙሉ ውስጡ ይታያል። ወንዶቹ ከድንኳኑ ወጥተው ቆመዋል። ምን መደረግ እንዳለበት እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቱቦው ታፍኗል፤ ግራና ቀኙ አጥርና ቤት ነው፤ ውሃው መውጫ ያለው ከድንኳኑ ስር ብቻ ነው። ግን ማን ይናገር? ሰልስቱ ሳይደርስ ድንኳን ማንሳት «አልቅሰን ጨርሰናል» እንደማለት ነው። ይባስ ብሎ የሚቆፈረው የሟቹ ሥራ ነው። ዳኛው ቤቱን ያያሉ፣ ድንኳኑን ያያሉ፣ ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ።

ጎረቤቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ውሃው ውስጥ ገብታ ፊታቸው ቆመች።

«ድንኳኑን አንሱት» አለች።

«ምን አልሽ እህቴ?»

«አንሱትና ሜዳውን ቆፍሩት።»

ከወጣቶቹ አንዱ «አዴ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ብርዱ ይመታዎታል። እኛ በባልዲ እንቀዳዋለን» አላት።

«እስከ መቼ ትቀዳለህ ልጄ? እስከ መስቀል?»

ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰልስቱ ነገ ነው። ዛሬ ድንኳን ብናነሳ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይኸው ሁሉም እዚህ ነው። ይበለኛ፤ ቆሜ ልስማው።»

አንድ ካርታ ከአንዱ እጅ ወድቆ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

«እሱ ያስተካከለው ሜዳ ነው» አሉ ዳኛው። «በገዛ ለቅሶው ላይ እንዴት ዶማ እናነሳበት?»

«አፈሩን ያመጣው፣ ሰው በደረቅ እንዲቀመጥ ብሎ ነው። ይኸው እናንተም ረጥባችኋል፣ እኔም ረጥቤያለሁ። እሱ ቢኖር መኪናውን አቁሞ ራሱ ይጭነው ነበር።» ወደ ግድግዳዋ ዞረች። «አባቴ ያቆሙት ቤት በባሌ አፈር ሲወድቅ ቆሜ አላይም።»

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሳቸውን ያለ ባርኔጣ በአደባባይ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ካስማ በገዛ እጃቸው ነቀሉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንዴ ሆነ። አግዳሚው ወጣ፣ ሸራው ተጣጠፈ፣ ብረቱ ተጋደመ። እድራችን መቃብር የሚቆፍርበት የራሱ ዶማና አካፋ አለው። የትናንቱ የመቃብር አፈር አካፋው ላይ ገና ነበር። በዚያው አካፋ የሟቹን ሜዳ መቆፈር ጀመሩ። ገረጋንቲው ዓመታት የተረገጠ ስለሆነ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ካርታ ሲጫወቱ የነበሩት፣ ጀልባ ሲሉ የነበሩት፣ ኮታቸውን አጥር ላይ ሰቅለው ተራ በተራ ገቡ። እኛ ሴቶችም የወጣውን አፈር በሳፋ ተቀብለን፣ ያለወትሯችን ከጠርዙ አርቀን ደፋነው።

በመጀመሪያ የታየው የቦዩ ግድግዳ ነው። ጥርብ ድንጋዩ አንድም ሳይነቃነቅ፣ እንዳስቀመጡት ተቀምጧል። አንዱ በእጁ አፈሩን ጠረገለትና፣ «አቤት አሠራር» አለ፤ ለራሱ ነው የተናገረው። ቱቦው ላይ ሲደርሱ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የውሃ ፕላስቲክና ደለል ተጨምቀው አንድ ግንድ ሆነዋል። ቱቦውን በዶማ ሰብረው ግንዱን ይጎትቱት ጀመር። ከውስጡ አንድ ረጅም ነገር ወጣ። ያወጣው ሰው በውሃ አጠበውና ወደ ላይ ያዘው።

«ጋሽ ዳኛ፣ ጭልፋዎ።»

በጭልፋው የተኳረፉት ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። አንዷ ሌላዋን አላየቻትም፤ ግን ሳፋውን በአንድ ጆሮ ያዘችላት።

ከዚያ ውሃው መጣ።

ወዲያው አልፈሰሰም። ያ ሁሉ የተኛ ውሃ መጀመሪያ በመሃሉ ተሸበሸበ፤ አንዲት የዛፍ ቅጠል ቆማ ከነበረችበት ቀስ ብላ ዞረች፣ ከዚያ አንድ አቅጣጫ ያዘች። ቀጥሎ ከስር እንደ ማጋሳት ያለ ድምፅ ተሰማ። ወንዶቹ ከጉድጓዱ ዘለው ወጡ። ውሃው ተነሳ። ቦዩን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶ፣ የተረፈውን የቱቦ ስባሪ እንደ ገል እየገፋ ወረደ። ሲሚንቶ የተከደነበት ደጃፍ ስር ሲገባ መሬቱ ከእግራችን ስር ተንቀጠቀጠ። ከታች በኩል አንድ ክዳን ተፈንቅሎ ሲነሳ አየሁ። ስንት ዓመት ዘግተንበት፣ መንገዱን ለመፈለግ ግራ አልተጋባም፣ አላመነታም። አገሩ እንደገባ ሰው ሄደ።

እጁ ጭቃ የሆነው ሁሉ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ያያል። የቤተ ክርስቲያን ያህል ጸጥታ ነበር፣ ከውሃው በቀር። ያን ድምፅ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል። «ላይ ጥሏል» የሚለኝ ሰው ትዝ አለኝና ጥቂት ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ።

ከግድግዳዋ ስር ያለው ውሃ እየሸሸ ሄደ። እርጥቡ መስመር ግድግዳው ላይ ቀረ። ጎረቤቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆየች፤ የታመመ ልጅ ግንባር የምትነካ ትመስል ነበር። ግድግዳው አልተነቃነቀም። ወደ ቤት ገባች፤ ደረቅ ፍራሽ ከእኔ ቤት አመጣን፤ እንደገና ተቀመጠች።

በማግስቱ ሰልስቱ ያለ ድንኳን ተደረገ። አግዳሚዎቹን በቦዩ ግራና ቀኝ፣ አጥር አጥሩን ይዘን ደረደርናቸው። ሰው ጃንጥላውን ይዞ ተቀመጠ። እዝን ይዘው ከሌላ ሰፈር የመጡ ሴቶች ድንኳን ሲያጡ ቤት የተሳሳቱ መስሏቸው ነበር። ዳኛው፣ «አልተሳሳታችሁም፤ እዚሁ ነው፤ ግቡ» እያሉ በሳንቃ አሻገሯቸው። ድንኳን ማንሳታችን ለሟቹ ውርደት ነው ያለ ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም። ብዙ ሰው የመጣው ውሃውን ለማየት ጭምር እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ የእኔ በር መልሶ ሲገጥም፣ ጎረቤቴ ግድግዳዋን አስለሰነች። የወደቀውን ልስን አልጣለችውም። ውሃ አፍስሳ አርሳ፣ ከአዲሱ ጭቃና ጭድ ጋር አስረገጠችው። የአባቷ ጭድ ተመልሶ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ልጆቿ ቆመው አዩ፤ የዚያን ቀን ስለ ኮንዶሚኒየም አላነሱም።

እድሩም ተሰብስቦ ነበር። ቦዩ ክፍት ይሁን ተባለ፤ ደጃፉን የከደነም በየበኩሉ መክፈት ያዘ፣ አንዳንዱ እያጉረመረመ። ድንኳኑ የት ይተከል የሚለው ግን ብዙ አከራከረ፤ ሌላ ቦታ የለንምና። በመጨረሻ ብየዳ የሚሠራ ሰው የድንኳኑን ብረት አስረዘመልን። አሁን ድንኳናችን አንድ እግሩን ወዲህ፣ አንድ እግሩን ወዲያ አድርጎ ቦዩ ላይ ይቆማል። ለቀስተኛው በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ውሃው በመሃል ያልፋል። ክረምት ከሆነ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀስ አለበት። ካርታ የሚጫወቱትም አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ከሆነ ጨዋታው አይሆንም፤ አንድ ወገን መርጠው ይቀመጣሉ።

ጎረቤቴ ለቅሶ ስትደርስ አብረን እንሄዳለን። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆም ትላለች። መጀመሪያ ወደ ቦዩ ጎንበስ ብላ ውሃው መውረድ አለመውረዱን ታያለች። ከዚያ በኋላ ነው ገብታ ለሃዘንተኛው «እግዜር ያጽናህ» የምትለው።